ከወሬዬ ዘግይታ የመጣች ወፍ

አልቀደድኩም። ስንት ጊዜ ልበለው? አፌ ደከመ እኮ። አዎ፣ አዲስ አበባ ባሕር የላትም። አላት ያለ ሰው አለ? እኔ ያልኩት ቦሌ ቡልቡላ የባሕር ወፍ አየሁ ነው፤ ባሕር አየሁ አላልኩም። ወፍ ክንፍ አላት። ባሕሩ ነው ተኝቶ የሚውለው፣ እሷ ደስ ያላት ቦታ ትሄዳለች። ይሄን ለመረዳት ስንተኛ ክፍል መድረስ ያስፈልጋል? እኔ አራተኛን ሁለት ጊዜ ነው የተማርኩት፣ ስለዚህ አራተኛን ከሁላችሁም በላይ አውቃታለሁ፤ የባሕር ወፍ ቡልቡላ አትደርስም የሚል ነገር አላስተማሩኝም።

"ዳክዬ ይሆናላ ያየኸው" ትሉኛላችሁ ደግሞ። ሾላ ገበያ ያደገ ሰው ላይ ዳክዬ? እኔ ክንፍ ያለውን ነገር ሁሉ በእጄ መዝኜ፣ ሆዱን ነክቼ፣ ዕድሜውን የምናገር ሰው ነኝ። ዳክዬና የባሕር ወፍ የሚምታታበት ሰው በግና ፍየል ለይቶ በዓል ያከብራል?

እሺ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ደክሞኛል ግን፣ አታቋርጡኝ። ለሰው ሁሉ ስነግረው መሀል ላይ ያቋርጠኝና ወፏ ሳትመጣ ወሬው ያልቃል። ችግሩ እሷም ዘግይታ ነው የመጣችው።

ሾላ ልባሽ ጫማ ነው የምሸጠው። በስተቀኜ ሰይድ አለ፣ የወሎ ልጅ፣ ቅመም ሻጭ፤ በርበሬውን ሲያፍስ ራሱ የማያስነጥሰው፣ እኔ ግን አሥር ዓመት በነጻ ያስነጠስኩለት ሰው። በስተግራዬ ጋሽ በየነ አለ፣ ቡታጋዝ ጠጋኝ። ጋሽ በየነ ድሮ ምፅዋ የባሕር ኃይል ሰው ነበር፣ የመርከብ ሞተር መካኒክ። ባሕሩ እዚያ ሲቀር እሱ እዚህ መጣ። መርከብ ያስነሳ የነበረ እጅ አሁን አልነድ ያለ ቡታጋዝ ክር ሲጎትት ይውላል።

ሰውየው ምፅዋ እያለ አንድ ሱስ ነበረበት፣ ወፍ ማየት። ሌላው ባሕረኛ ከሥራ ሲወጣ ወደሚሄድበት ይሄዳል፤ እሱ አቅርቦ የሚያሳይ መነፅሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ባሕሩን ዳር ዳሩን ይዞ ይጓዛል። ያየውን ደብተር ላይ ይጽፋል፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ አብሮት ያየ ሰው ካለም የሰውየውን ስም። "ብቻህን ያየኸው ወፍ ግማሽ ወፍ ነው" ይላል። እኔ ደግሞ ጠይቄው አውቃለሁ። "ጋሼ፣ ይበላል?" "አይበላም።" "ይሸጣል?" "አይሸጥም።" "ታዲያ ምን ያደርጋል?" "ይሄዳል፣ ይመጣል" አለኝ። በዚህ ተለያየን።

ሾላ ከመጣ ወዲህ ግን ደብተሩ ላይ አንድ መስመር አልጨመረም። መነፅሩን በየሳምንቱ በጨርቅ ይወለውላል፣ አያይበትም፣ መልሶ ይጠቀልለዋል። "ምን አለ ብዬ ልይ? ጥንብ አንሳ?" ይላል። እውነቱን ነው። የሾላ ጥንብ አንሳ መነፅር አያስፈልገውም፣ ራሱ ቀርቦ ነው የሚያይህ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

አንድ ቀን ገበያው ሞቷል። ሰይድ ባቲ ገበያ አየሁት ስለሚለው ግመል ያወራል። ግመሉ አዲሱን ገዢ አልወድም ብሎ እዚያው ተኝቶ ሽያጩን አፈረሰ ይላል። ተሸካሚው ሁሉ ከብቦት ይስቃል። እነዚያ ተሸካሚዎች የኔ ሳቂዎች ናቸው። ገበያ ውስጥ ደንበኛ ቢወስዱብህ ነገ ሌላ ይመጣል፤ ሳቂ ከወሰዱብህ ግን አለቀልህ።

"ግመል ምን ይገርማል" አልኩ። "እኔ ትናንት ቡልቡላ ለቅሶ ሄጄ የባሕር ወፍ አየሁ።"

"የምን ወፍ?" አለ ሰይድ።

"የባሕር። ነጭ ናት፣ ክንፏ ግራጫ፣ እግሯ ቀይ። ስትጮህ ሰው የሚስቅ ነው የሚመስለው።"

ይሄን ሁሉ ከየት አመጣሁት? ከጋሽ በየነ ነዋ። እሱ ራሱ ካወራልኝ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጥሩ ወሬ ሰማሁ ማለት ለኔ ልክ ከቦንዳ ጥሩ ጫማ እንደማውጣት ነው፤ ባለቤቱ ማን እንደነበረ አልጠይቅም።

በግራዬ ፒንሳ ሲወድቅ ሰማሁ።

"እግሯ ቀይ ነው ያልከው?" አለ ጋሽ በየነ።

ያኔ "ስቀልድ ነው ጋሼ" ማለት ይቻል ነበር። ሦስት ቃል ነው። እኔ ግን ተሸካሚዎቹ እያዩኝ ነው።

"እንደ በርበሬ" አልኩ። ሰይድ ዞር ብሎ በርበሬውን አየ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ በየነ ጠዋት ጠዋት አንድ ቃል ብቻ ነው የሚለኝ፤ "ዛሬስ?" ዝናብ ነው አልኩት፤ ዝናቡ በማግስቱ ለዓመቱ ቆመ። እግሬን አሞኛል አልኩት፤ ከራሴ መደብ ጫማ መርጦ "ይቺን ብታደርግ ይመችሃል" አለኝ። በመጨረሻ "እሁድ ለቅሶ አለብኝ" አልኩ። "የት?" አለኝ። አፌ መቼም የኔ አይደለም፣ "ቡልቡላ" አለ። "እንግዲያው አብረን እንሄዳለና" አለና ወደ ቡታጋዙ ተመለሰ።

ቅዳሜ ማታ ልዘጋ ስል ሚስቱ እትዬ ጽጌ መጣች። ጫማ ልትገዛ መስሎኝ ሦስት አነሳሁ።

"አስቀምጠው" አለች። "ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ሰባት ዓመት ሙሉ ያንን መነፅር ይወለውላል እንጂ አላየበትም። ትናንት በረንዳ ላይ ወጥቶ አየበት። የጎረቤት ዶሮ ነው ያየው፣ ግን አየበት። ደብተሩንም ከሣጥን አውጥቷል። ወፏ ካለች እሰየው። ከሌለች አሁኑኑ ንገረኝ፣ እኔ በቀስታ እነግረዋለሁ።"

አያችሁ? እግዚአብሔር በር ከፍቶልኝ፣ በሩን ደግሞ በትልቅ ሰው አስይዞልኝ ነበር። መውጣት ብቻ ነው የቀረኝ።

"ምን ነካሽ እትዬ ጽጌ" አልኳት፣ "ጎጆ ሠርታ ነው ያየኋት።"

እሁድ ጠዋት ሄድን። በታክሲ እስከ ሩዋንዳ፣ ከዚያ በእግር። እኔ እንግዲህ ቦሌ የምሄድ ሰው ስለሆንኩ ከቦንዳ ያወጣኋትን ነጭ ስኒከር አድርጌያለሁ፤ የባለቤቷ ላብ ገና ያልደረቀ የሚመስል አዲስ ጫማ። ጋሽ በየነ ካፖርቱን ለብሷል፣ ጢሙን ተላጭቷል፣ ደብተሩ በደረት ኪሱ። መነፅሩን አንገቱ ላይ ሊያንጠለጥል ሲል እምቢ አልኩ። አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ስር አቅርቦ የሚያሳይ መነፅር አንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው የት እንደሚያድር አውቃለሁ። ጎመን ገዛሁና መነፅሩን ፌስታል ውስጥ ከሥር፣ ጎመኑን ከላይ አደረግሁ።

"መነፅሬን ከጎመን ጋር?" አለ።

"ጎመን የያዘ ሰው ማን ይጠረጥራል ጋሼ?"

ፀሐዩ አናት ይበሳል። አጥሩ አያልቅም። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ጋሽ በየነ ቀና ብሎ እንኳ አያየውም፣ ዓይኑ ከፊት ያለው ሜዳ ላይ ነው። እኔ ደግሞ በየመቶ እርምጃው ውሸት እያዘጋጀሁ ነው፤ ውሻ አባረራት፣ ልጆች በወንጭፍ መቷት፣ እንቁላሏን አስፈልፍላ ሄደች። የዋሸ ሰው እግሩ ብቻ አይደለም የሚደክመው።

ቡልቡላ እርሻ ነው። ከእርሻው በታች ጨፌ አለ፣ ክረምት ውሃ የሚተኛበት ረግረግ ሜዳ፤ አሁን ውሃው ወደ መሀል ሸሽቶ ኩሬ ሆኗል፣ ዳሩ ላይ ደግሞ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። ከላያችን ጋጋኖዎች እየበረሩ ይጮሃሉ። ነጭ ነገር ባየሁ ቁጥር አንገቴን አሰግጋለሁ፤ አንዱ በግ ነው፣ አንዱ ፌስታል ነው።

ወደ ኩሬው የሚወስደው መንገድ መሀል ላይ ሁለት ሰዎች ዱላ ይዘው ተፋጠዋል። አንዱ ረጅም ቀጭን፣ ኦቦ ቱፋ ይባላል፤ ሌላው አጭር፣ ኮቱ ጉልበቱ የሚደርስ፣ ኦቦ ደቻሳ። በኋላ ነው የሰማሁት፣ ያገቡት እህትማማቾችን ነው። ከጎናቸው ሣር የተጫነች አህያ ቆማለች። መንገዱን ዘግተውታል። በጎን ልለፍ ብል ጭቃ ነው፣ ስኒከሬ ነጭ ናት።

አሁን አንድ አስተዋይ ሰው ምን ያደርጋል? ይቆማል። እኔ ግን ምን አልኩ መሰላችሁ?

"አባቶቼ፣ ዱላውን ተዉት፣ ዳኛ እየመጣ ነው። ከኋላዬ ያሉትን ታያላችሁ? መርከብ ከመርከብ ጋር ሲጋጭ የሚዳኙት እሳቸው ናቸው።"

የፈለግሁት ፈርተው መንገድ እንዲለቁ ነው። ሁለቱም ወደ ጋሽ በየነ ዞሩ። ካፖርቱን አዩ። ሽበቱን አዩ። ከደረት ኪሱ ብቅ ያለውን ደብተር አዩ። ዱላቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና ኦቦ ቱፋ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣

"በሕግ አምላክ፣ አባቴ" አለ፣ "ሳይዳኙን አይለፉ።"

"በሕግ አምላክ" አለ ኦቦ ደቻሳም።

አባቴ ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ ድሮ የተጣላ ሰው መንገደኛ ያስቆማል፣ መንገደኛው በሕግ ከተጠራ አልፎ አይሄድም፣ ከተቀመጠም ሳይፈርድ አይነሳም። እኔ ድሮ ያለፈ መስሎኝ ነበር። ለካ ማለፉ ቡልቡላ ገና አልደረሰም።

"ጋሼ፣ እንለፍ" አልኩ በሹክሹክታ። ጋሽ በየነ ወደ ኩሬው አየ። ከዚያ ሁለቱን አየ። ከዚያ እኔን አየ፣ ይሄኛው አስተያየት ደስ አላለኝም።

"በሕግ ተጠርቼ?" አለና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጀርባውን ለኩሬው ሰጥቶ፣ ምክንያቱም ሌላ ድንጋይ የለም።

ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ነው።

"ዋስ ጥሩ" አለ ጋሽ በየነ። ለካ ፍርዱን እቀበላለሁ ብሎ የሚዋስለት ሰው ከሌለ ዳኝነት አይጀመርም። ኦቦ ቱፋ ዞር ዞር አለ። ሰው የለም። ሁሉም ወደ እኔ አዩ።

"ይሄ ልጅ ዋሴ ነው" አለ ኦቦ ቱፋ።

"አባቴ፣ እኔን እኮ አያውቁኝም።"

"የሚያውቁኝማ አይዋሱኝም" አለ።

"የኔም ዋስ እሱ ነው" አለ ኦቦ ደቻሳ። በዚህ ዓለም ላይ ለሁለት ባላጋራ ዋስ የሆነ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። አንዱ እምቢ ካለ እኔ እያዛለሁ፣ ሁለቱም እምቢ ካሉ እኔ ሁለት ጊዜ እያዛለሁ።

ጉዳዩ ይሄ ነው። ጨፌው በሁለቱ መሬት መሀል ነው። ክረምት ውሃው ይሸፍነዋል፣ ያኔ የማንም አይደለም፣ ሰላም ነው። ውሃው ሲሸሽ የሚወጣው ሣር ግን ከየትም ሣር ይበልጣል። ኦቦ ቱፋ "ውሃው የሸሸው ከኔ መሬት ነው" ይላል። ኦቦ ደቻሳ "ወደኔ ሸሸ እንጂ ከኔ አልሸሸም፣ እንግዳ ደግሞ የገባበት ቤት ነው" ይላል። ዛሬ ጠዋት ኦቦ ደቻሳ አጭዶ ጫነ። አህያዋ ላይ ያለው ያ ሣር ነው።

ይሄን እኔ በአራት መስመር ነገርኳችሁ። እነሱ ሦስት ሰዓት ነው የፈጀባቸው። ኦቦ ቱፋ ከአያቱ ጀመረ። አያቱ ልጅ ሳሉ አንዲት ጊደር ጨፌው ውስጥ ሰምጣ ነበር። ጊደሯ ከማን እንደተገዛች ተነገረ። የሸጣት ሰው አሟሟት ተነገረ። ኦቦ ደቻሳ "ሐሰት ነው፣ በጊደር ልወራረድ፣ ጊደር ሳትሆን ወይፈን ነው" አለ። ጋሽ በየነ ሁሉንም ያዳምጣል። አንገቱን እንኳ አያዞርም። "ተከራካሪ እያወራ ዳኛ ዓይኑን አያነሳም" አለኝ፣ ኩሬውን እየቃኘሁ ሲያየኝ። "አንተ ግን ዓይንህ ነጻ ነው። ወፏን ጠብቅልኝ።"

ወፏን ጠብቅልኝ። እኔን።

በዚህ መሀል ኦቦ ቱፋ "አባቴ፣ ማስረጃው ይውረድልኝ፣ አህያዋ ይዛው ትሄዳለች" ብሎ አመለከተ። ሣሩ ወረደ። ወርዶ ትንሽ እንደቆየ አህያዋ መብላት ጀመረች። "ማስረጃዬን እያስበላ ነው" አለ ኦቦ ቱፋ። ጋሽ በየነ "ዋስ፣ አህያዋን ያዝ" አለኝ። እንግዲህ የቦሌ ፀሐይ አናቴ ላይ፣ ገመድ በእጄ፣ ጎመን በብብቴ፣ ነጭ ስኒከሬ ላይ የአህያ ኮቴ። ወገቤ ተቆረጠ። ራበኝ። ኦቦ ደቻሳ ገና ወደ አባቱ ሠርግ እየገባ ነው።

ሰባት ሰዓት ላይ ዳኛው ለተከራካሪዎቹ ውሃ እንዲጠጡ ፈቀደ። ሁለቱ ከአንድ ቅል ተራ በተራ ሲጠጡ ጋሽ በየነ እንደተቀመጠ ወደ እኔ ዘንበል አለ።

"በየት በኩል ነበር ጎጆዋ?"

እስካሁን ድረስ ለምን እንደተናገርኩ አላውቅም። ሕሊና አይደለም፣ ሕሊና ቢሆን ቅዳሜ ይመጣ ነበር። ድካም ነው። ሰው ሲደክመው መጀመሪያ የሚያስቀምጠው ከባዱን ዕቃ ነው።

"ጋሼ፣ ወፍ የለችም" አልኩ። "አላየሁም። ቡልቡላም ከዛሬ በፊት መጥቼ አላውቅም። የሰይድ ግመል ነው ያናደደኝ። እንሂድ ወደ ቤት።"

ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢመታኝም አህያዋ ከመታችኝ አይብስም። እሱ ግን ከደረት ኪሱ ብቅ ያለውን ደብተር ወደ ውስጥ ገፋው፣ ጠርዙ እስኪጠፋ። ከዚያ የካፖርቱን ቁልፍ ቆለፈ።

"ዳኝነት ላይ ነኝ" አለ። "ካስማ ያዝና ና።"

ከአጥር ሁለት ካስማ ነቅለው ሰጡኝ። "ባሕር የደረሰበትን ራሱ ይጽፋል" አለ ጋሽ በየነ ለተከራካሪዎቹ፣ ድምፁ ግን የሌላ ሰው ነው የሚመስለው። "ምፅዋም እንዲሁ ነው። ውሃ ሲወጣ ገለባውን፣ ቅጠሉን፣ ቆሻሻውን ተሸክሞ ይመጣል፤ ሲሸሽ እዚያው ጥሎት ይሄዳል። ያንን መስመር ፈልግ። ከላይ ባለው አንዱን ካስማ ትከል። ሌላውን አሁን ውሃው ያለበት ዳር ላይ።"

ላይኛውን አገኘሁት፤ የደረቀ ገለባና የከብት እበት በሜዳው ላይ ልክ በገመድ እንደተለካ ተዘርግቷል። ታችኛው ነው ያስቸገረኝ። አህያዋን ለቅቄ፣ ፌስታሉን ዳሩ ላይ አስቀምጬ ወደ ኩሬው ገባሁ። መጀመሪያ ጫማዬ ገባች፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚቴ፣ ከዚያ ጉልበቴ። ካስማውን በሁለት እጄ ገፍቼ ተከልኩ። ስመለስ ግራ እግሬ ወጣ፣ ግራ ጫማዬ አልወጣችም። እጄን እስከ ብብቴ አስገብቼ ፈለግኋት፣ የለችም። ከመደቤ የመጀመሪያዋ ነበረች። አንዷ እግሬ ባለጫማ፣ አንዷ እግሬ ባዶ ሆኜ፣ ዳሩ ላይ ቁጭ አልኩና ቀና አልኩ።

የተከልኩት ካስማ ላይ ወፍ አለች።

ነጭ። ክንፏ ግራጫ። እግሯን አየሁ። እንደ በርበሬ አይደለም፣ ጠቆር ይላል፣ ግን ቀይ ነው። ዓይኔን አሸሁት፣ በጭቃው እጄ፣ የባሰ ሆነ። ሌላኛውን ዓይኔን ከፈትኩ። አለች።

"ጋሼ" አልኩ።

ኦቦ ቱፋ በልጆቹ ስም እየማለ ነው። ጋሽ በየነ ጀርባው ለኔ ነው።

"ጋሼ፣ መጥታለች። ዙር።"

"ልጄ" አለ ሳይዞር፣ "ለዛሬ ይበቃናል።"

"ከሌለች የእናቴ ልጅ አይደለሁም፣ እዚህ ናት፣ ካስማው ላይ።"

"ይበቃናል አልኩህ።"

እንግዲህ ይሄን ልንገራችሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እውነት ተናግሬ አላውቅም፣ እንደዚያ ቀንም ሳልታመን ቀርቼ አላውቅም። ለቅሶዬ መጣ። ተነስቼ እንዳልሮጥ ትበርራለች። ዝም እንዳልል ትሄዳለች። አንድ እግር ጫማ አድርጎ የሚያለቅስ ዋስ ሆንኩ።

ከዚያ እሷ ጮኸች። በቃ እንደሚስቅ ሰው፤ ያውም በኔ።

የጋሽ በየነ እጅ ወደ ላይ ተነሳ። ኦቦ ቱፋ አፉን እንደከፈተ ቆመ፣ መሐላው መሀል ላይ። ጋሽ በየነ ገና አልዞረም። ጆሮውን ብቻ ትንሽ ዘንበል አደረገ። እንደገና ጮኸች። ያኔ ቀስ ብሎ፣ ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ዞረ።

"መነፅሬን" አለ።

ከጎመኑ ሥር አውጥቼ ቀስ ብዬ ወሰድኩለት። አንዱ መስተዋት ላይ ቅጠል ተለጥፏል፣ በካፖርቱ እጅጌ ጠረገውና አየ። ስንት ሰዓት እንዳየ አልነግራችሁም፣ አታምኑኝም። ኦቦ ደቻሳ ሳይጠየቅ መጥቶ ክርኑን ደገፈለት።

"የምፅዋዋ አይደለችም" አለ በመጨረሻ። "የሷ ዘመድ ናት።" መነፅሩን ለእኔ አልሰጠም፣ ለኦቦ ቱፋ ሰጠው። ኦቦ ቱፋ በተገላቢጦሽ በኩል አየና "የት ሄደች?" አለ። ኦቦ ደቻሳ በባዶ ዓይኑ አይቶ፣

"ይቺ ናት እንዴ?" አለ። "ይቺማ የእንቁራሪት ሌባዋ ናት። ክረምት ካለፈ በኋላ በየዓመቱ ትመጣለች። ከመጣች ሳምንቷ ነው።"

ሰማችሁት? በየዓመቱ። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዋሸሁ ብዬ እንቅልፍ አጥቼ፣ ለካ የዋሸሁት ካለፈው ሳምንት ወዲህ እውነት ሆኗል።

ጋሽ በየነ ድንጋዩ ላይ እንዳለ ፈረደ። "ከላይኛው ካስማ እስከ ታችኛው ያለው የውሃው ነው። እሱ ሲሄድ እናንተ እንግዶቹ ናችሁ። አንድ ዓመት ቱፋ ቀድሞ ያጭዳል፣ አንድ ዓመት ደቻሳ።"

"ደግ ፈረዱ" አለ ኦቦ ቱፋ። "የዘንድሮውስ?"

ሁላችንም ወደ ሣሩ ዞርን። ሣር የለም። አህያዋ የመጨረሻዋን እያላመጠች ነው፤ ዋሱ ወፍ እያየ ነበራ።

"የዘንድሮው የአህያዋ ነው" አለ ጋሽ በየነ። መጀመሪያ የሳቀው ኦቦ ደቻሳ ነው። ዱላቸውን አንስተው ተሳሳሙ፣ እኔንም ጭቃዬን እያዩ ራቅ ብለው መረቁኝ።

ጋሽ በየነ ደብተሩን አወጣ። ጻፈ። ከጻፈው አጠገብ የኔን ስም ሲጽፍ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ስሜን ማንበብ እችላለሁ። ከዚያ እስከ ሩዋንዳ ድረስ፣ እሱ ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ እኔ በአንድ ጫማ እያነከስኩ፣ ተከታትለን መጣን። ታክሲ ውስጥ ነው የተናገረው።

"ሁለት ሳምንት ዋሸኸኝ።"

"መጣች እኮ ጋሼ።"

"መምጣቷ የሷ ነው። ውሸቱ ያንተ ነው።"

ሰኞ ጠዋት ሾላ ስደርስ መደቤን ሳልዘረጋ ነው የጀመርኩት። ካስማውን፣ እግሯን፣ ሳቋን። ተሸካሚዎቹ ከበቡኝ። ሰይድ ወደ ጋሽ በየነ ዞረ። "እውነት ነው ጋሽ በየነ?"

ጋሽ በየነ ክር እየጎተተ ነው። ቀና እንኳ አላለም። "የምን ወፍ?" አለ። "ጎመን ገዝተን መጣን።"

ያ ሁሉ ሳቅ። የሰይድ ግመል እንኳ እንደዚያ አልተሳቀለትም። ሲበተኑ ጠጋ አልኩት። "ጋሼ፣ ምነው?"

"ፈርጄብሃለሁ" አለ። "እኔ ስንት ጊዜ በውሸት ጠበቅሁ?"

"ሁለት ሳምንት።"

"አንተም ሁለት ሳምንት በእውነት ጠብቅ።"

ጠበቅሁ። ይግባኝ የለውማ። በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው፣ ተነስቶ ሰይድ ፊት ቆመና "ልጁ እውነቱን ነው፣ ወፏን አይተናል" አለ። ሰይድ እሱን አየ፣ እኔን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ።

"ጋሽ በየነ" አለ በሐዘኔታ፣ "ከዚህ ልጅ ጋር አትዋል ብዬህ ነበር። ይኸው ቀደዳ ለመድክ።"

ይኸው አሁን ሁለት ሆነን አንታመንም። እሱ ግድ የለውም፣ እሁድ እሁድ ሱቁን ዘግቶ ካፖርቱን ለብሶ ቡልቡላ ይሄዳል፣ እኔንም ያስከትላል፤ እትዬ ጽጌም ለኔ ብላ እንጀራ ትጠቀልልልኛለች። ደብተሩን ለነዚህ አሳያቸው ስለው "ለማያምን ሰው ወፍ አይታይም" ይላል። የሚደክመው እኔን ነው። በየቀኑ ከመጀመሪያው መጀመር፣ በየቀኑ ዳክዬ መባል።

ስለዚህ ከዛሬ በኋላ አልነግርም። ሩዋንዳ ውረዱ፣ አጥሩን ይዛችሁ ሂዱ፣ ጨፌው ጋ ስትደርሱ ኦቦ ቱፋ ወይ ኦቦ ደቻሳ በሉ። ሁለቱ በአንድ ነገር ከተስማሙ እሱ እውነት ነው፣ ተስማምተው አያውቁማ። እነሱን ካጣችኋቸው ታችኛው ካስማ ሥር እጃችሁን እስከ ብብታችሁ አስገቡ። የግራ እግር ነው፣ ቁጥር አርባ ሁለት፣ ነጭ። ካገኛችኋት ይዛችሁልኝ ኑ፣ ቀኟ አሁንም መደቤ ላይ ናት።